ዛንዚባር ለመጀመሪያ ጊዜ፦ አምስት ቀን በባሕሩ ሰዓት

ያደግሁት ጣና ዳር ነው። ጣና በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል፤ ጠዋት የተውኩትን ውሃ ግን ማታም እዚያው አገኘዋለሁ። መጀመሪያ ዛንዚባር ስሄድ ውቅያኖሱም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ያረፍኩት በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ጃምቢያኒ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ የውሃው ድምፅ ከመስኮቴ ሥር ቀሰቀሰኝና ደስ ብሎኝ መልሼ ተኛሁ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ስወጣ ባሕሩ ሄዷል። ጀልባዎቹ በጎናቸው ተጋድመዋል። ነጩ አሸዋ ርጥብ ሜዳ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ውሃው ከሩቅ እንደ ነጭ ክር ይታያል። በሜዳው መካከል ሴቶች ልብሳቸውን ሰብስበው፣ ከካስማ ካስማ በተወጠረ ገመድ ላይ የባሕር አረም ያስራሉ። አንዲት እናት ዘንድ ጠጋ ብዬ ውሃው መቼ እንደሚመለስ በምልክት ጠየቅኋቸው። ስምንት ጣት አሳዩኝና «ሳ ናኔ» አሉኝ። እውነትም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ውሃው ገመዶቹን ሸፍኖ ጉልበቴ ድረስ ደርሶ ነበር።

በዚያ ቀን ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛው፣ ባሕሩ የራሱ ሰዓት እንዳለውና ቀኑን የሚያቅደው እርሱ እንደሆነ። ሁለተኛው፣ የስዋሂሊ ሰዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደ እኛ መሆኑን፦ «ሳ ናኔ» ማለት ስምንት ሰዓት ነው፤ የእርሳቸውም ስምንት የእኔው ስምንት ነው። አጭር ጉዞ ላይ የሚባክን ቀን ያንገበግባል። ስለዚህ ይህን መመሪያ የምጽፈው፣ ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ያለችውን አምስት ቀን ባሕሩ በሌለበት ሰዓት እንዳያባክናት ብዬ ነው።

ለምን ዛንዚባር?

ለመጀመሪያ የደሴት ጉዞ፣ ያውም ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው፣ ከዛንዚባር የሚሻል ቦታ አላውቅም። በቀጥታ በረራ ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ የሰዓት ልዩነት የለም። ሲሸልስም ሞሪሸስም ውብ ናቸው፤ ለአራት አዳር ግን ወጪያቸው ይከብዳል። ዛንዚባር ደግሞ ባሕር ብቻ አይደለችም። ታሪክ አላት፣ ከተማ አላት፣ የወጥ ቤታችን ቅመም የሚበቅልበት መሬት አላት።

«ዛንዚባር» የአንድ ደሴት ስም እንዳልሆነ ግን አስቀድመው ይወቁ። ዋናዎቹ ደሴቶች ኡንጉጃና ፔምባ ናቸው። ጎብኚ ሁሉ «ዛንዚባር» የሚላት ኡንጉጃን ነው፤ አውሮፕላኑም የሚያርፈው እዚያ ነው። ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታንዛኒያ አካል ብትሆንም የራሷ ፕሬዚዳንትና የራሷ መንግሥት አላት። ይህ የመማሪያ መጽሐፍ ነገር ቢመስልም፣ ወደ ወረቀቱ ስንመጣ ኪስዎን የሚነካ ውጤት አለው።

ደረጃ 1፦ ወሩን ይምረጡ፤ ከዚያ ጨረቃዋን

ወሩን መምረጥ ቀላል ነው። ዛንዚባር ከምድር ወገብ በስተደቡብ ስድስት ዲግሪ ያህል ላይ ስለሆነች የእኛ ክረምት የእነርሱ ደረቅ ወቅት ነው። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ዝናቡ ጥቂት፣ ሙቀቱም ለዘብ ያለ ነው፤ «ኩሲ» የሚሉት የደቡብ ነፋስ ይነፍሳል። «ማሲካ» የሚባለው ከባድ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንባል፤ በዚያ ጊዜ የሚዘጉ ሆቴሎችም አሉ። «ቩሊ» የሚባለው አጭር ዝናብ በኅዳርና በታኅሣሥ አካባቢ ይመጣል። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ የካቲት ደግሞ ደረቅ ቢሆንም ሙቀቱ ይበረታል። ለእኔ የተሻሉት ሰኔና መስከረም ናቸው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ የሐምሌና የነሐሴ የአውሮፓ ጎብኚ ብዛትና የዋጋ ጭማሪም አይኖርም።

ከወሩ በኋላ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ይመጣል፤ ጨረቃዋ።

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይገፋል። ጨረቃ አዲስ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን፣ በተለይ ከዚያ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት፣ ልዩነቱ ይበረታል፦ በዛንዚባር ውሃው አራት ሜትር ያህል ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ግን ልዩነቱ ያንሳል፤ ውሃው ብዙም አይርቅም።

አሁን ልብ ይበሉ። በዛንዚባር በሙሉ ጨረቃና በአዲስ ጨረቃ ሰሞን ባሕሩ የሚጎድለው ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ፣ የሚሞላው ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። በጃምቢያኒ ያጋጠመኝ ይኸው ነበር። በግማሽ ጨረቃ ሰሞን ይገለበጣል፦ ረፋዱ ላይ፣ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ባሕሩ ሙሉ ነው። ስለዚህ መዋኘትና መንሳፈፍ የሚፈልግ ሰው ጉዞውን በግማሽ ጨረቃ ሰሞን ያድርግ። ባዶውን የባሕር ወለል እየረገጡ የኮራሉን (ድንጋይ የሚመስለውን፣ ሕይወት ያለውን የባሕር ፍጡር) ዓለም ማየት የሚሻ ደግሞ በሙሉ ጨረቃ ይሂድ።

በምሳሌ ላስረዳ። በነሐሴ 2018 ዓ.ም. ጨረቃ ነሐሴ 6 ትወለዳለች፣ ነሐሴ 14 ግማሽ ትሆናለች፣ ነሐሴ 22 ትሞላለች። ፍልሰታን አስፈስኮ ነሐሴ 16 ከሰዓት ወይም ነሐሴ 17 የሚነሳ ሰው፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ባሕሩን በእኩለ ቀን አካባቢ ሙሉ ሆኖ ያገኘዋል፤ ከዚያ በየቀኑ ወደ ከሰዓት ይገፋለታል። የሂጅራ አቆጣጠር ለሚከተሉ አንባቢዎች የበለጠ ቀላል ነው፦ የወሩ 1ኛና 15ኛ ቀን አካባቢ ውሃው ሩቅ ይሄዳል፤ 7ኛና 22ኛ ቀን አካባቢ ይረጋል። የዛንዚባር ዓሣ አጥማጆችም የሚቆጥሩት እንደዚሁ በጨረቃ ነው።

ትክክለኛውን ደቂቃ የሚያሳይ የባሕር ሙላት ሰንጠረዥ በኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። የጉዞ ቀናትዎን ሰንጠረዥ በወረቀት ላይ ይገልብጡ፤ ከጎኑም በእኛ አቆጣጠር ሰዓቱን ይጻፉ። ከዚያ በኋላ የምናገረው ሁሉ በዚያ ወረቀት ላይ ይመሠረታል።

ረመዳንን ሳልጠቅስ አላልፍም። የደሴቲቱ ሕዝብ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው። በረመዳን ቀን ቀን በመንደርና በከተማ ብዙ ምግብ ቤት ይዘጋል፤ በአደባባይ መብላትና መጠጣትም ነውር ነው። በሆቴል ግቢ ውስጥ ችግር የለም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ግን ሌላ ወር ይሻላል። ለሚጾም ሙስሊም አንባቢ ደግሞ የዛንዚባር የኢፍጣር ማታ ራሱን የቻለ የጉዞ ምክንያት ነው።

ደረጃ 2፦ ወረቀቶቹ

ብዙ ጉዞ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና ዝርዝሩን በትዕግሥት ይከተሉ።

ፓስፖርት፦ ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ይሁን። ማደስ ካለብዎት ሌላውን ሁሉ ከመጀመርዎ በፊት እርሱን ይጨርሱ።

ቪዛ፦ ዛንዚባር የታንዛኒያ አካል ስለሆነች ቪዛው የታንዛኒያ ነው። በኢንተርኔት በኩል በታንዛኒያ ኢሚግሬሽን ዋና ገጽ ይጠየቃል። የተለመደው የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ 50 ዶላር ነው፤ የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሰው 100 ዶላር ይከፍላል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው «ስደርስ አየር ማረፊያው ላይ እወስዳለሁ» ብሎ እንዳይነሳ አጥብቄ እመክራለሁ። ማመልከቻው ተጨማሪ ማጣራት ሊደረግበት ስለሚችል ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀደም ብለው ይጀምሩ። የመንግሥቱን ገጽ የሚመስሉ፣ ከዋጋው በላይ የሚያስከፍሉ የደላላ ገጾች አሉ፤ ጥርጣሬ ካለዎት አዲስ አበባ በሚገኘው የታንዛኒያ ኤምባሲ ይጠይቁ። ቪዛው ሳይወጣ ገንዘቡ የማይመለስ የአውሮፕላን ትኬት አይግዙ።

የቢጫ ወባ ክትባት፦ ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው የክትባት ማስረጃ ይጠየቃል። ማስረጃው የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነውና እስከ መነሻው ሳምንት አያቆዩት። አንዴ ከተከተቡ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ መጥተው፣ ቤተሰብ ጋር ሰንብተው፣ ከአዲስ አበባ ወደ ዛንዚባር ብቅ ማለት የሚፈልጉ ወገኖቼም ይህ ይመለከታችኋል፤ የሚታየው መጀመሪያ የተነሳችሁበት አገር ሳይሆን ወደ ዛንዚባር የበረራችሁበት አገር ነው፤ እርሱም ኢትዮጵያ ናት።

ለእነዚሁ ወገኖች አንድ ተጨማሪ ማሳሰቢያ አለኝ። «ቢጫ ካርድ» ሁለት ነው። አንዱ የክትባት ማስረጃው ነው። ሌላው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። በውጭ ፓስፖርት፣ በአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ኢትዮጵያ የገባ ሰው ለአምስት ቀን ዛንዚባር ሲሄድ ያ ቪዛ አብቅቷል፤ ሲመለስ ሌላ ያስፈልገዋል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለው ግን ያለ ቪዛ ይገባል። ይህን ሳያስቡ ወጥተው በመመለሻ ቀን የተጨነቁ ዘመዶች ስላሉኝ ነው ደጋግሜ የምናገረው።

የዛንዚባር መድን፦ ከጥቅምት 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ጎብኚ ሁሉ የደሴቲቱን የጉዞ መድን መግዛት ግዴታው ነው። ሰጪው የዛንዚባር ኢንሹራንስ ኮርፖሬሽን ነው፤ ዋጋው ለአንድ አዋቂ 44 ዶላር ሲሆን እስከ 92 ቀን ያገለግላል። ሌላ የጉዞ መድን ቢኖርዎትም ይህንን አይተካም። የራሷ መንግሥት አላት ያልኩት ለዚህ ነው። ከመነሳትዎ በፊት በኢንተርኔት ገዝተው ያትሙት። እንግዲህ ቪዛውና መድኑ ተደምረው በሰው 94 ዶላር ናቸው፤ ትኬትና ሆቴል ሲያወዳድሩ ይህን ከወዲሁ ደምሩበት።

ሁሉንም በሁለት ቅጂ ያትሙ። አንዱን በእጅ ቦርሳ፣ አንዱን በሻንጣ ያድርጉ።

ደረጃ 3፦ የት ማደር?

ለአራት አዳር ሁለት ቦታ ይበቃል፦ ሦስት ሌሊት ባሕር ዳር፣ አንድ ሌሊት አሮጌው ከተማ ስቶን ታውን። ሰሜኑንም ምሥራቁንም ደቡቡንም ልያዝ የሚል ሰው ቀኑን በታክሲ ውስጥ ይጨርሳል።

ባሕር ዳሩን ሲመርጡ ጥያቄው «የቱ ያምራል?» አይደለም፤ ሁሉም ያምራል። ጥያቄው «ውሃው የት ይሄዳል?» ነው። በሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ዳርቻቸው ቶሎ ስለሚጠልቅ ባሕሩ ሲጎድልም መዋኘት ይቻላል፤ ፀሐይም በባሕሩ ላይ ስትጠልቅ ያያሉ። በዚያው ልክ ሰው ይበዛባቸዋል፣ ሙዚቃውም ይጮኻል። በምሥራቅ ያሉት ፓጄ፣ ጃምቢያኒና ማቴምዌ ጸጥ ያሉ ናቸው። በውጭ በኩል የኮራል አጥር ስላላቸው ወደ ዳርቻው የሚደርሰው ማዕበል ለስላሳ ነው፤ ሲጎድል ግን ሩቅ ይሄዳል። በምሥራቁ ዳርቻ የመዋኛ ጊዜዎ ከሙላቱ በፊትና በኋላ ያሉት ሁለት ሁለት ሰዓታት ናቸው ብለው ያስቡ።

የእኔ ምርጫ ይህ ነው፦ ልጆች ይዘው ከሆነ ወይም መዋኘት ጀማሪ ከሆኑ፣ በግማሽ ጨረቃ ሰሞን ምሥራቁን ይምረጡ። ውሃው ጥልቀት ሳይኖረው ብዙ ርቀት ይዘረጋል፤ ማለዳም መንደሩ ሥራ ላይ ሲሆን ማየት ራሱ ያጠግባል። ቀኑን በጨረቃ መምረጥ ካልቻሉ፣ ለምሳሌ የመሥሪያ ቤት ፈቃድዎ ሙሉ ጨረቃ ላይ ከወደቀ፣ ኬንድዋን ይያዙ።

ሆቴል ሲይዙ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። የአልጋ አጎበር አለው? የወባ በሽታ በደሴቲቱ ቢቀንስም ፈጽሞ አልጠፋም። በየአዳሩ በሰው የሚከፈለው የመሠረተ ልማት ግብር ዋጋው ውስጥ ተካቷል? ከአየር ማረፊያ መኪና ይልካሉ? የመጨረሻው ለመጀመሪያ ቀን ትልቅ ዕረፍት ነው። ከአየር ማረፊያው ስቶን ታውን ቅርብ ናት፤ ኑንግዊ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል፣ ፓጄና ጃምቢያኒም ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳሉ።

ደረጃ 4፦ ገንዘብ

የአገሩ ገንዘብ የታንዛኒያ ሽልንግ ነው። ይዘው የሚሄዱትን ዶላር ከባንክ ለመግዛት ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ስለሚጠየቁ ከወረቀቱ ሥራ በኋላ የሚመጣ ደረጃ ነው። የሚሰጥዎትን ኖት አንድ በአንድ ይዩት፦ ያረጀ፣ የተቀደደ፣ የተጻፈበት ወይም የቀደሙ ዓመታት እትም ከሆነ እዚያ አይመነዝሩልዎትም። ሲደርሱ የተወሰነውን ወደ ሽልንግ ይቀይሩ፤ ለመንደር ሱቅ፣ ለፍራፍሬና ለጉርሻ የሚያስፈልገው እርሱ ነው። የገንዘብ ማሽን በስቶን ታውን ይገኛል፤ በመንደር ግን አይተማመኑበት።

በጀልባም በታክሲም፣ ከመሳፈርዎ በፊት ዋጋውን ሲስማሙ «ለሰው ነው ወይስ ለጀልባው ሁሉ? መመለሻውንስ ይጨምራል?» ብለው ይጠይቁ። አብዛኛው ጠብ የሚነሳው ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መረሳት ነው።

ደረጃ 5፦ ከውሃው ጋር መተዋወቅ

ስለዚህ ጉዳይ ከልቤ ነው የምናገረው። ብዙዎቻችን ደጋ ላይ ያደግን፣ መዋኘት ያልተማርን ሰዎች ነን። ያ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ሳይዘጋጁ ውቅያኖስ ውስጥ መግባት ግን አደገኛ ነው። ቪዛው እስኪወጣ ያሉትን ሳምንታት ይጠቀሙባቸው፤ ከተማዎ ውስጥ የመዋኛ ገንዳ ካለ አሠልጣኝ ይያዙ። በአንድ ወር ዋናተኛ መሆን አያስፈልግዎትም። ሁለት ነገር ብቻ ይልመዱ፦ በጀርባ ተንጋሎ መንሳፈፍና ከተንጋለሉበት ተነስቶ በእግር መቆም። የባሕር ውሃ ጨዋማ ስለሆነ ከገንዳ ይልቅ ሰውነትን ያንሳፍፋል፤ ገንዳ ውስጥ ለሁለት ደቂቃ የተንሳፈፈ ሰው እዚያ ሲተኛ ውሃው ራሱ ይሸከመዋል።

በአብዛኛው ዳርቻ ነፍስ አድን ሠራተኛ የለም። ስለዚህ እነዚህን ይጠብቁ። ውሃው እየጎደለ ባለበት ሰዓት ወደ ኮራሉ ክፍተት አይጠጉ፤ ውሃው ወደ ውጭ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው፣ ጉልበተኛም ነው። ባሕሩ ሲጎድል ወደ ኮራሉ በእግር መሄድ ከፈለጉ የመንደሩን ሰው አስከትለው ይሂዱ፤ ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ ከኋላዎ ያለውን ዝቅተኛ ቦታ ስለሚሞላ፣ ደረቅ ላይ ቆመው ሳሉ የመመለሻ መንገድዎ ሊሸፈን ይችላል። ጀልባ ላይ ሲወጡ የመንሳፈፊያ ሰደርያ በሰው ቁጥር መኖሩን በዓይንዎ አይተው፣ ለብሰው፣ ማሰሪያውን ቆልፈው ይቀመጡ። «በኋላ እንሰጣለን» ከተባሉ ይውረዱ።

ጫማም ያስፈልጋል። በአሸዋውና በኮራሉ ላይ ጃርት የመሰለ፣ ረጅም ጥቁር እሾህ ያለው የባሕር ፍጡር አለ። እሾሁ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፤ ከአምስት ቀን ጉዞ ሁለቱን ይወስዳል። ሶሉ ወፍራም የሆነ የውሃ ጫማ ከአዲስ አበባ ይዘው ይሂዱ። ኮራሉን በእግር መርገጥ ግን በጫማም ቢሆን ተገቢ አይደለም፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ የተሰበረው በዓመታት አይተካም። የሴቶቹን የባሕር አረም ገመድም ዞረው ይለፉ። እርሻቸው ነው።

ደረጃ 6፦ ሻንጣ

ቀለል ያለ የጥጥ ልብስ፣ ባርኔጣ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ የትንኝ መከላከያ። ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን ልብስ ለከተማና ለመንደር፤ የዋና ልብስ ለባሕሩ ዳር ብቻ። ሶኬታቸው የእንግሊዝ ዓይነት፣ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ስለሆነ ማስተካከያ (አዳፕተር) ይያዙ። ጀልባ የሚያቅለሸልሽዎት ከሆነ መድኃኒቱን ከሐኪም ጠይቀው ያዘጋጁ። ፌስታል ግን ከሻንጣዎ ያውጡ፦ ዛንዚባር የፕላስቲክ ከረጢትን ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ መላው ታንዛኒያ ደግሞ ከሰኔ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክለዋል። ጫማና ርጥብ ልብስ በጨርቅ ከረጢት ይሁን።

ደረጃ 7፦ አምስቱ ቀናት

የመጀመሪያው ቀን የመድረሻ ቀን ነው፤ ምንም አያቅዱበት። የኢሚግሬሽኑን ወረፋ ጨርሰው፣ ሲም ካርድ በፓስፖርትዎ አስመዝግበው፣ በሆቴሉ መኪና በቀጥታ ወደ ባሕር ዳሩ ይሂዱ። መኪና የሚነዳው በግራ ነውና መንገድ ሲሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይመልከቱ። ማታ ያንን የጻፉትን የውሃ ሰንጠረዥ ለሆቴሉ ሠራተኛ አሳይተው ለነገና ለተነገ ወዲያ አብረው ያቅዱ።

ስለ ሰዓት እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። የመንደሩ ሰው በስዋሂሊ ሲናገር «ሳ ታቱ አሱቡሂ» ካለ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ ልክ እንደ እኛ። ያው ሰው በእንግሊዝኛ ሲናገር ግን አንዳንዱ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይቀይረዋል፣ አንዳንዱ አይቀይረውም። አንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ «ዘጠኝ» ተብዬ የትኛው ዘጠኝ እንደሆነ ሳልጠይቅ ቀርቼ ጀልባዋ ሄደችብኝ። «በስዋሂሊ ስንት ሰዓት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን ያለ ሒሳብ ይረዱታል። ቋንቋውም ባዕድ አይሆንብዎትም፦ ሳ ሰዓት፣ ዳኪካ ደቂቃ፣ ባሃሪ ባሕር፣ ሱካሪ ስኳር፣ ቻይ ሻይ፣ ሳሃኒ ሳህን፣ ሳቡኒ ሳሙና። ከእነዚህ ጋር «አሳንቴ» (አመሰግናለሁ) እና «ሃፓና» (አይ) ከያዙ፣ ለአምስት ቀን ይበቃዎታል። እናቶችን «ማማ» ብለው ይጥሯቸው፤ ክብር ነው።

ሁለተኛው ቀን የባሕሩ ነው። መንሳፈፍ የለመደ ሰው በሰሜን ምሥራቅ ወዳለው የምኔምባ ኮራል በጀልባ ይሂድ፤ በመነጽርና በመተንፈሻ ቧንቧ ፊትን ወደ ውሃው አድርጎ ሲንሳፈፉ ከሥር ቢጫና ሰማያዊ ዓሦች በመንጋ ያልፋሉ። ብዙ ጀልባ ሳይመጣ ማለዳ ይነሱ። ጀማሪው በዳርቻው ውሃ ውስጥ ይቆይ፤ ምንም አይቀርበትም። በኪዚምካዚ ዶልፊኖችን በጀልባ ከበው የሚያሳድዱበትን ጉዞ ግን አልመክርም፤ እንስሳቱ ሲሸሹ አይቼ አዝኛለሁ።

ሦስተኛውን ቀን በውሃው ሰዓት ይክፈሉት። ባሕሩ በሚጎድልበት ግማሽ ቀን ወደ ጆዛኒ ደን ይሂዱ፤ ከፓጄና ከጃምቢያኒ ቅርብ ነው። ዛንዚባር ላይ ብቻ የሚገኘው ቀይ ጉሬዛ እዚያ አለ። የእኛን ጥቁርና ነጭ ጉሬዛ የሚያውቅ ሰው ዘመዱን ያየ ያህል ይደሰታል። አይንኳቸው፣ ምግብም አይስጧቸው። ባሕሩ ሲመለስ እርስዎም ይመለሱ።

አራተኛው ቀን ወደ ስቶን ታውን የሚያልፉበት ነው፤ በመንገድ ላይ የቅመም እርሻ ይጎብኙ። የገረመኝን ልንገርዎት። ቅርንፉድን ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው ደረቅ፣ ጥቁር፣ ሻይ ውስጥ የሚንሳፈፍ ምስማር ሆኖ ነው። አስጎብኚው ከትልቅ ዛፍ ላይ አንድ ዘለላ ቀነጠሰና መዳፌ ላይ አደረገው። አረንጓዴ ሆኖ ጫፉ ሮዝ ያለ፣ ገና ያልፈነዳ የአበባ እምቡጥ ነው። አንዱን ስነክሰው ምላሴ ደነዘዘ፤ ሽታው እስከ ማታ ከጣቴ አልለቀቀም። በስዋሂሊ «ካራፉ» ይሉታል። በምንጣፍ ላይ በፀሐይ ለቀናት ሲሰጣ ነው የምናውቀው ጥቁር የሚሆነው። ገውዝም ሲሰነጠቅ ፍሬው በደማቅ ቀይ መረብ ተጠቅልሎ ይወጣል። ሄሉን፣ ቀረፋውን፣ እርዱን፣ ቁንዶ በርበሬውን በየተራ እያሸተቱ ሲሄዱ የእናትዎ ወጥ ቤት ውስጥ ያሉ ይመስልዎታል።

ስቶን ታውን በ2000 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና ተመዝግባለች። መንገዶቿ መኪና የማያስገቡ፣ እንደ ሐረር ጀጎል መንገድ የሚያስቱ ናቸው፤ ቢጠፉም ወደ ባሕሩ ያወጡዎታል። «ፓፓሲ» የሚባሉ ደላሎች ይከተሉዎታል፤ ፈገግ ብለው «ሃፓና፣ አሳንቴ» ይበሉና መንገድዎን ይቀጥሉ። ሲመሽ ፎሮዳኒ የሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ በምግብ ሻጮች ይሞላል፦ በዱላ የተሰካ ጥብስ ሥጋ፣ «ኡሮጆ» የሚባል ሎሚ የገባበት ሾርባ፣ በዝንጅብልና በሎሚ የተጨመቀ የሸንኮራ አገዳ። ትኩስ ሆኖ ሲጠበስ ያዩትን ይብሉ፤ ዋጋውን አስቀድመው ይጠይቁ። በጾም የሚሄድ ሰው አይራብም። «ማሃራጌ ያ ናዚ» በኮኮናት ወተት የተሠራ ቦሎቄ ነው፤ «ዋሊ» ሩዝ፣ «ምቺቻ» ጎመን የመሰለ ቅጠል ነው። ፒላው ግን በሥጋ መረቅ ስለሚሠራ ይጠይቁ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ወደ አንግሊካን ካቴድራል ይሂዱ። የተሠራው የባሪያ ገበያው በነበረበት ቦታ ላይ ነው፤ ገበያው የተዘጋው በ1873 እ.ኤ.አ. ነው። በግቢው ውስጥ፣ ከመሬት በታች በተቆፈረ ጉድጓድ፣ አንገታቸው በሰንሰለት የታሰረ የሰው ሐውልቶች ቆመዋል። ትናንት ያሸተቱትን ቅርንፉድ ያለሙት እጆች የእነዚህ ሰዎች ነበሩ። ከሐበሻ ምድር የተወሰዱ ሴቶችም በዛንዚባር ሱልጣኖች ቤት ይኖሩ እንደነበር ታሪክ መዝግቦታል። እዚህ ቦታ ላይ አይቸኩሉ፤ ሌላውን ጉብኝት ይተዉና ለዚህ አንድ ሰዓት ተኩል ይስጡ።

ቅመሙን ከሱቅ ሲገዙ በወረቀት ወይም በጨርቅ ያስጠቅልሉት። ዛጎልና ኮራል ግን አይግዙ፣ ከአሸዋውም አያንሱ፤ አየር ማረፊያ ላይ ያስይዛል። በአየር ጠርሙስ እየተነፈሱ ባሕር ውስጥ የጠለቁ ከሆነ ከመብረርዎ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ዕረፍት ያስፈልጋል።

ጊዜ ከተረፈዎት ሰንጠረዥዎን ለመጨረሻ ጊዜ ይመልከቱ። ባሕሩ ሙሉ ከሆነ ወደ ፎሮዳኒ ይመለሱ፤ በውሃው ሙላት ሰዓት የከተማው ልጆች ከግንቡ ላይ እየተንደረደሩ፣ አንዳንዱ በአየር ላይ እየተገለባበጠ፣ ወደ ባሕሩ ይዘላሉ። ጥላ ያለበት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በትንሽ ሲኒ የሚሸጠውን መራራ ቡና ይጠጡና፣ ታክሲዎን ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀደም ብለው ይጥሩ።